በሞቴ ያልተባለበት ግብዣ

በዓባያ ሐይቅ ላይ በምትንሳፈፈው ከተማ ኢሜይሉን ራሱ የሚመልስ ሰው ከጠፋ ሰንብቷል። ከጆሮ ጀርባ የምትለጠፍ፣ ባቄላ የምታክል “መላሽ” አለች፤ የጌታዋን ጠባይና አነጋገር አጥንታ በስሙ ትመልሳለች፣ በጥቃቅኑም አታስቸግረውም። የእትዬ ዘርፌ መላሽ ቁርጥ እሳቸውን ነበረች። እትዬ ዘርፌ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ትሕትናቸው ለጉድ ነው።

ዓይናቸው እየጨለመ ነው። የልጅ ልጃቸውን ፊት መለየት ካቃታቸው ወዲህ አንድ ተስፋ ብቻ ቀርቷቸዋል፤ የዓይን ምርምር ማዕከሉ የደከመ ዓይንን መልሶ የማብቀል ጥናት ሊጀምር ነው ሲባል ሰምተዋል። ግብዣው ይመጣል ብለው ቢጠብቁ ቢጠብቁ ወፍ የለም።

አንድ ጠዋት ሆድ ብሷቸው መላሿን ጠየቋት። ግብዣው ድሮ መጥቶ መልስ ተሰጥቶታል አለቻቸው፤ መልሱንም በገዛ ድምፃቸው አነበበችላቸው፦ “ስላሰባችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። እኔስ ደህና ነኝ፤ የባሰባቸው ይቅደሙ።”

ክው አሉ። ይቺ ዕቃ ተበላሽታ ጉድ ሠራችኝ እያሉ ወደ ማዕከሉ ደወሉ። የጥናቱ መሪ፣ ወጣቱ ዶክተር ሊባኖስ፣ ራሱ አነሳው። የከተማዋ የዓይን ሕመምተኛ ሁሉ ተጋብዞ ሁሉም አመስግኖ እምቢ እንዳለ፣ ሕዝቡ ካልፈለገ ብለውም መሣሪያውን ወደ ሌላ አገር ሊያሻግሩ እየጫኑ እንደሆነ ነገራቸው።

“አንዴ ብቻ ነዋ የጠየቃችሁን” አሉት። “በሞቴ ሳይባል ማን እሺ ይላል ልጄ? እንግዳ እንኳ ሳይለመን ከማዕድ አይቀርብም።”

ሊባኖስ ይህን ሲሰማ ግብዣውን የላከው ማሽን መሆኑ፣ ማሽኑም የመጀመሪያዋን እምቢታ ተቀብሎ መዝጋቱ ትዝ አለው። እዚያው ለሁሉም እንደገና ላከ፤ በሞቴ፣ እሺ በሉን ብሎ። ገና እያወሩ መልሱ ይጎርፍ ጀመር፤ እሺ፣ ካላችሁስ እሺ፣ እናንተን ደስ ካላችሁ። ወዲያው በጥናቱ አንድ ቦታ ብቻ ቀረ።

“እርስዎስ ይመጣሉ?” አላቸው።

“አይ ልጄ፣ ለባሰበት ይሁን።”

ይህን ያለችው መላሿ አይደለችም፤ ከገዛ አፋቸው ነው የወጣው። ከንፈራቸውን ነከሱ። ለካ የተበላሸ ዕቃ ኖሮ አያውቅም። ቃላቸውን ማጠፍ ቢያሳፍራቸው ጊዜ ስልኩን እንደያዙ ጠበቁ።

“በሞቴ፣ እትዬ ዘርፌ” አለ ሊባኖስ በመጨረሻ።

“እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ካልክስ” አሉና ጫማቸውን በእግራቸው ይዳብሱ ጀመር።