ዐይን ያጣው የሳርማድ አንበሳ

በሳርማድ ከተማ ታላቅ በር ላይ የተሳለው ክንፋም አንበሳ አንድ ማለዳ ዐይን አልባ ሆኖ ተገኘ። የዐይኖቹ ሰማያዊ ቀለም ረግፎ መሬት ላይ ተበትኗል። ሕዝቡ ዋይታውን አቀለጠው፤ አንበሳው ካላየ አልካርን፣ የአመዱን ዘንዶ፣ የሚያስቆመው ኃይል የለምና።

ቀለሙን በየዓመቱ የምታድሰው ሠዓሊዋ ነህራ ነበረች። በሳርማድ ግን ሴት ስታገባ ብሩሿን ለባሏ ታስረክባለች፤ እሱም ከቤቱ ምሰሶ ጋር ያስረዋል። ነህራ ካገባች ሦስት ዓመቷ ነው። በሠርጓ ዕለት እልልታውን ካቀለጠው ሕዝብ መካከል «እንግዲህ አንበሳውን ማን ያድሰዋል?» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ጉድ እኮ ነው!

ባሏ ታርዋን የብሩሹን ቋጠሮ በጎራዴው በጠሰው።

«ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሰማያዊው ድንጋይ እስካለበት ገደል አብሬሽ እሄዳለሁ፤ በአባቴ አጥንት!»

«እጄ ረስቶ ቢሆንስ?» አለች። «ሊጥ ሳቦካ ጣቴ ክንፍ ይስል ነበር፤ አንተ እንዳታይብኝ ቶሎ አጠፋዋለሁ።»

ታርዋን ብሩሹን እጇ ላይ አኖረው።

ሁለት ቀን ገደሉን ቧጥጠው ድንጋዩን ፈለፈሉ። ሲመለሱ አልካር አሸተታቸውና ተከተላቸው። በሦስተኛው ቀን ቀትር በሩ ዘንድ ሲደርሱ ትንፋሹ ጀርባቸውን ይለበልብ ነበር። ነህራ ድንጋዩን ፈጭታ በእንቁላል አስኳል ለወሰችና መሰላሉን ወጣች። የአንበሳው ዐይን መሳል ከተጀመረ አይቋረጥም፤ ሠዓሊዋ ዞር ካለች ቀለሙ ይሞታል።

ታርዋን ጦሩን ይዞ ከመሰላሉ ሥር ቆመ።

«የፈለገውን ብትሰሚ፣ እንዳትዞሪ!»

አንደኛው ዐይን እንዳለቀ የባሏን ጩኸት ሰማች። መውረድ ፈለገች፤ ነፍሷ እስኪወጣ ፈለገች። እጇ ግን መሳሉን አልተወም። ያን እጇን ጠላችው።

ሁለተኛው ዐይን ሲያልቅ አንበሳው አየ። አልካር በዚያ እይታ ተፈረካክሶ የአመድ ክምር ሆነ። ከተማው በደስታ ጮኸ።

ታርዋን በሩን ተደግፎ ተቀምጧል። አልካር የተፋበት የጋለ አመድ ሁለቱንም ዐይኖቹን አቃጥሏቸዋል።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ፣ የኔ ጌታ።»

«ንገሪኝ እስቲ፤ ምን ይመስላል?»

በትዳራቸው ዘመን ስለ ሥራዋ ሲጠይቃት ይህ የመጀመሪያው ነው። ነህራ ፊቱን በሰማያዊ እጆቿ ይዛ አለቀሰች። ከዚያ ስለ አንበሳው ጥፍሮች ነገረችው፤ ስለ ክንፎቹ፣ ስለ ጋማው ነገረችው፤ ዐይኖቹ ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ጠፋ።