የአልጎም የድንጋይ ስኒዎች

ልጅ ወደ ሞት አፍ ተልካ ብትመለስ፣ የምትመለሰው ያችው ልጅ ናት?

እማማ ሐመረ ይህንን ጥያቄ ጠዋት እሳት ሲያቀጣጥሉ ጠየቁ፤ ውሃው ሲፈላም ጠየቁ።

በሊማር መንግሥት ሻይ መጠጥ ብቻ አልነበረም። ጎሳ ከጎሳ ሲታረቅ፣ ንጉሥ ሲነግሥ፣ ሙሽራ ስትዳር፣ መሐላው የሚጸናው በሻይ ነበር። ጠጪው ስኒውን ከማስቀመጡ በፊት የቀመሰውን በስሙ ይጠራል፤ ስሙን ከሳተም አብሮት የጠጣ ሁሉ ሊያርመው ግድ ነው። «ያልታረመ ስም፣ ያልታሰረ መሐላ» ይላሉ ሊማሮች።

በዚያ ዓመት አልጎም የተባለው የጉም አውሬ ከመስኮብ ተራራ ወርዶ፣ የሻይ ሁሉ እናት የሆነችውን እምቡጥ ከቤተ መንግሥት ሰረቀ። ከዚያ ወዲህ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የገባ ቅጠልና ቅመም ሁሉ ቀለም እንጂ ጣዕም አልሰጥ አለ። ስም የሚጠራ ጠፋ፤ መሐላ ላላ። ቆለኛውና ደገኛው ጦር መሳል ጀመሩ። ንጉሡም እምቡጧን የምታስመልስ ብለው የእማማ ሐመረን የልጅ ልጅ ማርዳን መረጡ።

«በአገሩ ምላስ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ?» አሉ እማማ ሐመረ።

«እምዬ፣ ቅጠሉ ከየትኛው የኮረብታ ጎን እንደተቀጠፈ የምለየው እኔ ነኝ። አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ።»

«ምነው ባላስተማርኩሽ» አሉና ጋቢ አወጡላት። በላዩ ሌላ ደረቡ። ተራራ ነው፤ ጉም አለ፤ ጉም ደግሞ ደረት ይገባል።

ከማርዳ ጋር ሁለት ሰዎች ወጡ። አንደኛው ዘውገ የተባለ ጦረኛ ነበር። ሁለተኛው ሊቀ ቀማሽ ድራር፣ የመንግሥቱ የጣዕም ዳኛ፣ የተሳሳተ ስም ሰምተው ሳያርሙ ማለፍ የማይሆንላቸው ሽማግሌ ነበሩ።

በመንገድ ላይ ጣዕም አልባውን ሻይ አፍልተው ሲጠጡ ዘውገ ከንፈሩን መጠጠና፣ «እህ፣ ወርቀ ቅጠል ነው» አለ።

«አይደለም» አሉ ድራር። «ጣዕም በሌለበት ስም የለም።»

«በሠርግዎ ቀን ሙሽራዋን አርመዋት ነው አሉ ብቻዎን የቀሩት።»

«ስሙን ስታ ነበር» አሉ ድራር ሳይስቁ።

ማርዳ ሳቀች። እግሯ በረግረጉ ርሶ ነበር፤ ካልሲ የሚቀይርላት አልነበረም።

የመስኮብን ገደል ወጥተው ዋሻው ደጃፍ ሲደርሱ የጉም ውሾች ከበቧቸው። ዘውገ ጦሩን ተክሎ፣ «እናንተ ግቡ፤ እነዚህን እኔ አጫውታቸዋለሁ» አለ። ግራ እጁን እዚያ አጣው።

አልጎም በዋሻው ጥልቅ፣ እንደ ተራራ የተከመረ ነጭ እስትንፋስ ሆኖ ተኝቶ ነበር። በፊቱ የድንጋይ ስኒዎች ተደርድረዋል።

«የሊማር ልጅ ሆይ» አለ፤ «ጉም ነኝና ብረት አይወጋኝም። የሰረቅሁትን ጣዕም በእነዚህ ስኒዎች አኖርሁ፤ ምላስ የለኝምና አንዱንም አላወቅሁት። ቀምሰሽ በስማቸው ጥሪልኝ፤ እምቡጧን ይዘሽ ሂጂ። የቀመስሽበትን ግን፣ የጣዕምንም የሽታንም ዕውቀት፣ ለእኔ ትተዪዋለሽ።»

«እኔ ልቅመስልህ» አሉ ድራር ወደ ፊት እየመጡ። «እኔ ጠግቤዋለሁ።»

«የጠገበ ምላስ ምን ያደርግልኛል?» አለ አልጎም።

ማርዳ እጇን በልቧ ላይ አኖረች። «በእናት እምቡጥ እምላለሁ፤ ጠርቼ እተውልሃለሁ።»

አልቸኮለችም። የመጀመሪያው ጤዛ ያልለቀቀው የገብስ እሸት መሰላት፤ ጣፋጭነቱ የመጣው ከጉሮሮዋ ካለፈ በኋላ ነው። «የንጋት እምቡጥ» አለች። ቀጣዩ የወይራ ጢስ ነበረው፤ ምላስን አድርቆ መልሶ ያስጠማል። «ጥቀርሻ» አለች። ሣር ሣር የሚለውን፣ መጀመሪያ መርሮ ኋላ አፍ የሚያጥበውን፣ «የመስክ ሻይ» ብላ ጠራች። ማር ሳይገባበት ማር ማር የሚለውን ወርቀ ቅጠልን ሁለቴ ተጎነጨችው፤ መሳሳት ፈርታ አይደለም። አውሬው በየስሙ አንገቱን እየሰበረ ያዳምጥ ነበር።

በመጨረሻው ስኒ ጥቁር ሻይ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ከልክ ያለፈ ቅርንፉድ ነበር። በቤተ መንግሥት የማይጠጣ፣ የድሃ ቤት ሻይ። ማርዳ ስኒውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ስሙስ?» አለ አልጎም።

«ቆይ፤ ገና አልጨረስሁም።»

አተላው እስኪቀር ጠጣች። ከዚያ «የምድጃ ዳር» አለች፤ አፏም ድንጋይ እንደላሰ ሰው አፍ ሆነ።

እምቡጧ ተመለሰች። ቆለኛና ደገኛ በጥቀርሻ ተማምለው ጦራቸውን ሰቀሉ፤ ለማርዳም ተዘፈነላት።

ወደ ቤት ሲቃረቡ ማርዳ፣ «አባ ድራር፣ ለእምዬ አይንገሯት። እኔ ስላስተማርኳት ነው ብላ ትሞታለች» አለች።

«ቀማሽ አይዋሽም፤ ልጄ።»

«አይዋሹ። ዝም ይበሉ።»

«ስም ሲሳት ዝም ማለትም ውሸት ነው። ሳላርም የማርሁት አንድ ሰው የለም።»

እማማ ሐመረ በር ላይ ነበሩ። ግንባሯን ዳሰሱ፤ እግሯን አዩ፤ «ከስተሻል» አሉ። ማንቆርቆሪያውን ጥደው ለእንግዳውም ለልጃቸውም ቀዱ። ቅርንፉድ ግን በቤቱ አልነበረም፤ ጣዕም ይመጣ እንደሆነ እያሉ ሲጨምሩ ከርመው ጨርሰውታል። ዛሬ ያገኙት ጦስኝ ብቻ ነበር፤ ቤቱም ጦስኝ ጦስኝ ይላል።

ማርዳ እንደ ጥንቷ ዓይኗን ጨፍና ጠጣች። ፈገግ አለች።

«የምድጃ ዳር» አለች። «ቅርንፉዱ እንደ ልማድሽ በዝቷል፤ እምዬ።»

የእማማ ሐመረ እጅ በማንቆርቆሪያው ላይ ቆመ። ልጂቱን አዩዋት፤ ብዙ አዩዋት።

«አዎን ልጄ» አሉ። «እጄ መመጠን አያውቅም።»

ጦስኙ ገና በሊቀ ቀማሽ ድራር ምላስ ላይ ነበር። አፋቸውን ከፈቱ። ማርዳን አዩ፤ አሮጊቷን አዩ። ስኒያቸውን ስም ሳይሰጡት አስቀመጡ፤ በትራቸውን አነሡና አንድ ቃል ሳይናገሩ ከቤቱ ወጡ።