ከሻሺቱ ጉንጭ የጠፋችው ነጥብ

ከሻሺቱ ጉንጭ ላይ ነጥቧ መጥፋቷን ያስተዋልኩት የድሮው ፊልሟ በዲስክ ታትሞ በየሱቁ ከተሰቀለ፣ እኔም አንዱን ገዝቼ እስከ ሦስተኛው ክፍል ካየሁ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ዓይኔ ሊጠፋ ነው ብዬ ደነገጥሁ። መነጽሬን ጠረግሁ። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑን ጠረግሁ። ከዚያ ባለቤቴን ጋሻዬን ጠራሁና «የዚች ልጅ ጉንጭ ላይ ምን ይታይሃል?» አልኩት።

«ምንም» አለ።

«በቃ፣ የፈራሁት እሱን ነው።»

ሻሺቱ በሥዕል የተሠራች ልጅ ናት። እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ በቴሌቪዥን ትመጣ ነበር፤ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ መሬት ላይ ተደርድረን እናያት ነበር። አዞ ጀርባ ላይ ተቀምጣ የአባያን ሐይቅ ትሻገራለች። ከግራ ዓይኗ በታች ሽንብራ የምታክል ጥቁር ነጥብ አለቻት፤ እኛ «ማርያም የሳመቻት» የምንላት ዓይነት። እኔም እዚያው ቦታ ላይ አለችኝ። ሻሺቱ በቴሌቪዥን እስክትመጣ ድረስ የክፍሌ ልጆች «ዝንብ አረፈብሽ!» እያሉ በጥፊ ይሉኝ ነበር። ከመጣች በኋላ ጥፊው ቀረ፤ ስሜም ሻሺቱ ሆነ። ልጄ ሄራን ነጥቧን ከእኔ ወርሳለች። ስለዚህ ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓ.ም. አሮጌዎቹ ፊልሞች ከአንድ መጋዘን ተገኙ ተባለ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ወደ ኮምፒውተር አስገባቸው። አቧራውንና ጭረቱን ሥዕል በሥዕል እየለቀመ የማጽዳቱ ሥራ ደግሞ እዚሁ ከተማችን፣ ሲቀላ ሰፈር ፎቶ ቤት ላለው ዳግም ለሚባል ልጅ ተሰጠ። የዲስኩ ሽፋን ላይ «በከፍተኛ ጥራት» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። እውነት ነው፣ ጥርት ብሏል። የአዞው ጥርስ ይቆጠራል። ነጥቧ ግን የለችም።

ስለ ልጁ ጎረቤት ጠየቅሁ። አባቱ ባፈና የሚባሉ ወንጌላዊ ናቸው አሉኝ።

«ጴንጤ ነው!» አልኩት ጋሻዬን። «አየህ? ማርያም የሳመቻትን አይቶ ሆን ብሎ ነው ያጠፋት!»

«ልጁ የሚያጠፋው አቧራ ነው፣ ዓለምዬ።»

«አቧራና ማርያም አንድ ናቸው?»

እኔ ራሴ ሄጄ ልጠይቀው ፈለግሁ። ግን ከእኛ ሰፈር ከሴቻ ወደ ሲቀላ የሚወርደውን ቁልቁለት ሳስብ፣ ሚኒባሱ ፍሬን ቢበጥስስ ብዬ ቀረሁ። ሄራንን ላክኋት። የላክኋት እኔ ነኝ፤ ማንንም አልወቅስም።

ኋላ እንደነገረችኝ፣ ስትገባ ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ ነበር።

«ጉርድ ነው ወይስ ሙሉ?» አላት ቀና ሳይል።

«ክስ ነው። እናቴ ናት የላከችኝ። ሻሺቱ ፊት ላይ የነበረው የት ገባ?»

«አወቃችሁት?» አለ ደስ ብሎት፣ አሁንም ሳያያት። «ሦስት ሳምንት ነው የፈጀብኝ! ሌላው ቆሻሻ አንዴ ከጠፋ ጠፋ ነው። ያ ግን በየሥዕሉ ይመለሳል። አጠፋዋለሁ፣ ይመለሳል። እንደሱ ዓይነት ችኮ ቆሻሻ በሕይወቴ አይቼ…»

ቀና አለ። ቆሻሻው ፊቱ ቆሟል፤ ከግራ ዓይኗ በታች።

ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሙሽሮች ሁሉ ወደ እነሱ ያያሉ።

«ቆሻሻ ማለቴ…»

«ጨርስ እንጂ።»

«እኔ ገጠር፣ ካምባ ነው ያደግሁት» አለ በመጨረሻ። «ቴሌቪዥን አልነበረንም። ሻሺቱን አላውቃትም ነበር።»

«አሁን አወቅሃት።»

«አሁን አወቅኋት» አለና እንደገና አያት። «ካልጸዳው ፊልም እንደገና ብጀምር አቧራው ሁሉ አብሮ ይመለሳል። በእጅ ነው መመለስ ያለባት። ፊቷ ያለበት ሥዕል ደግሞ ሠላሳ ሺህ ይሆናል።» ከዚያ ትከሻዋ ላይ ያንጠለጠለችውን ቦርሳ አየ። «ይሄን ጥልፍ ራስሽ ነሽ የሠራሽው?»

«አዎ።»

«ነጥብ በነጥብ?»

«ነጥብ በነጥብ።»

«ሥራ ትፈልጊያለሽ?»

ለክስ የላክኋት ልጅ ተቀጥራ ተመለሰች።

በነጋታው ምሳ ዕቃ ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በሚኒባስ ወረድሁ። ፍሬኑ አልተበጠሰም፤ ግን ሊበጠስ ይችል ነበር። ፎቶ ቤቱ ገብቼ ደንበኞች የሚነሱበት ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ፣ እራት ልሠራ እስክመለስ፣ እስከ አሥር ሰዓት እዚያው ነኝ።

ሁለቱ በሁለት ኮምፒውተር ጎን ለጎን ይሠራሉ። ልጁ አንድ ነጥብ ያስቀምጥና ቀና ብሎ ሄራንን ያያል። ሌላ ያስቀምጥና ቀና ይላል።

«ምንድን ነው ቶሎ ቶሎ ቀና የምትለው?» አልኩት።

«ልኩን ለማየት ነው፣ ማዘር። ከዓይኗ በታች ስንት እንደምትርቅ እንዳልሳሳት።»

«ትናንት አላየኸውም?»

«ትናንት ሌላ ሥዕል ነበር።»

«ማዘር» ማለቱንም አልወደድኩትም። «እንግዲያው እኔም እዚያው ላይ አለችኝ» አልኩና ወንበሬን ስቤ ከፊቱ ተቀመጥሁ። «እኔን እያየህ ሥራ።»

እሺ ብሎ ግማሽ ቀን እኔን እያየ ሠራ። አሥር ሰዓት ላይ ሲታይ ነጥቦቹ በሙሉ አገጯ አካባቢ ወርደው ተገኙ።

«ይቅርታ ማዘር፣ የእርስዎ ትንሽ ወርዳለች» አለኝ።

ሄራን ሳቋን ለመደበቅ ጠረጴዛው ሥር የወደቀ ነገር የምትፈልግ መሰለች። ምንም አልወደቀም ነበር። በነጋታው ወንበሬን ወደ ቦታው መለስሁ።

ከሁሉ የሚከፋው መብራት ሲጠፋ ነበር። ስክሪኑ በደንብ እንዲታይ መጋረጃው ሁልጊዜ ዝግ ስለሆነ፣ መብራት ከጠፋ ቤቱ ድቅድቅ ነው።

«ሄራን!» እላለሁ።

«አቤት እማ።»

«ዳግም!»

«አቤት ማዘር።»

«ድምፃችሁ ከአንድ ቦታ መጣብኝ። ተራራቁ!»

«ማዘር፣ ከመብራቱ በፊትም ጎን ለጎን ነበርን እኮ።»

መብራት ሲመጣ የዚያን ጠዋት ሥራ ጠፍቷል። «ሴቭ አላደረግሁትም ነበር» ይላል ልጁ፣ ምንም ሳያዝን። እንደገና ይጀምራሉ። እንደገና ቀና ይላል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በአንድ ሳምንት አራቴ እንዴት ይረሳል? ይህን ለጋሻዬ ስነግረው፣ «እኔም አንቺን ስጠይቅ አውቶቡስ አምልጦኛል እያልኩ ስንቴ እናንተ ቤት አመሸሁ?» አለኝ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አምልጦት እንደነበር ነበር የማምነው።

አንድ ቀን ግን እኔም ጠቀምኋቸው። ሻሺቱ ከሐይቁ ስትመለስ ሠዓሊው የድሮውን ሥዕል እንደ መስታወት ገልብጦ ተጠቅሞበት ኖሮ፣ ልጆቹ ነጥቧንም አብረው ገልብጠው የተሳሳተው ጉንጭ ላይ አድርገዋታል። «ግራ ነው! ግራዋ ነው!» ብዬ ተነሳሁ። ልጁ ወደኋላ መልሶ አየና ፀጉሩን ያዘ። ስምንት መቶ ሥዕል ነው። «ማዘር፣ እርስዎ ባይኖሩ ሁለተኛ ጉድ ነበር» አለኝ። ሲናገር አልቀለደም። ያን ቀን ከምሳ ዕቃው አካፈልኩት። ዳጣውን፣ ያን የሚያቃጥል በርበሬ፣ ብቻውን ጨረሰው፤ ጨጓራውን ያመዋል ብዬ ሌሊቱን ሳስብ አደርሁ።

በዚያው ሰሞን ሌላ ስጋት መጣብኝ። ሄራን አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትገባለች። «ዳግም እስከ ማዞሪያው ሸኝቶኛል» ትላለች። እሷ ሳትገባ በር አልቆልፍም፤ ስትገባ ቁልፉን ሦስት ጊዜ አዞራለሁ፣ ከፍቼ እንደገና አዞራለሁ። ታዲያ በየምሽቱ ከአጥሩ ውጭ የሰው ኮቴ እሰማለሁ። ይመጣል፣ ይቆማል። ቁልፌን ከጨረስሁ በኋላ ይሄዳል።

«ሌባ ነው» አልኩት ጋሻዬን። «ቁልፋችንን እያጠና ነው።» በሩ ሥር ዱላ አስቀመጥሁ።

ሥራው በሁለት ወር ተኩል አለቀ። ሠላሳ ሺህ ነጥብ ተመልሳ ዲስኩ እንደገና ታተመ። ሄራን በዚያ ሳምንት ከጎኔ ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠች፣

«እማ፣ ዳግም ሽማግሌ ሊልክ ነው» አለችኝ።

ቢላዋውን ከእጇ ወሰድሁት። ደንግጣ እንዳትቆረጥ ብዬ ነው፤ የደነገጥሁት ግን እኔ ነበርሁ። «በየት ቤተ ክርስቲያን? በማን ሥርዓት? ማርያም የሳመቻትን ቆሻሻ ነው ብሎ ያጠፋ ልጅ ነገ የአንቺን አጥፊ ቢልሽስ?»

«የኔን ሁለት ወር ተኩል ሙሉ ሲያያት ነው የከረመው፣ እማ። ቀኑን ሙሉ። አንቺም አይተሻል።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እምቢ ካልሽ ጥዬሽ አልሄድም። ግን ሌላ ሰውም አላገባም። እዚሁ ሽንኩርት እየላጥን እናረጃለን።»

አለቀሰች። ሽንኩርት ነው አለች። እኔም ሽንኩርት ነው አልኩ።

በመጨረሻ ቃሌን ሰጠኋት፦ ሻሺቱን የሳለው ሰው መጥቶ የነጥቧን ነገር ፊት ለፊት ይንገረኝ። ነጥቧ የማርያም ናት ካለ ልጁ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ያኔ አስብበታለሁ። ሠዓሊው ሞቶ ይሆናል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

አልሞቱም፤ ዳግም አፈላልጎ አገኛቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆሙ። አንዱ የዳግም አባት ወንጌላዊ ባፈና፣ ሌላው ከጨንቻ የወረዱ፣ ጋቢ የደረቡ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። ጋሽ ኦይታ ይባላሉ። ጣታቸው ላይ እስከ ዛሬ ያልለቀቀ ቀለም አለ።

ወንጌላዊ ባፈና በጭንቀት አማርኛው ጠፋባቸው። «ልጅሽ ጥሩ ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፤ እኛ ወደነዋል» አሉ። ስለ ሄራን መሆኑ የገባን ከቆየን በኋላ ነው።

እኔ ግን ወደ ጋሽ ኦይታ ዞርኩ። «መምህር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ያቺ ነጥብ ምንድን ናት?»

«ቀለም ናት» አሉ።

«ቀለምማ ናት። ማለቴ…»

«የተንጠባጠበ ቀለም። በስህተት።»

ዝንብ አረፈበት ሲባል የኖረው፣ ሻሺቱ የተባልሁበት ጉንጬ ጋለ። ልጁ እውነቱን ነበር፤ ቆሻሻ ናት!

«የመጀመሪያውን ሥዕል ጨርሼ ዓይኗን ሳስተካክል» ቀጠሉ ጋሽ ኦይታ፣ «አንዲት የጎረቤት ልጅ ከኋላዬ በቀስታ መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ቀለሙ ጠብ አለ። ሥዕሉን ልቀደው ስል ተው አለችኝ። ተውኩት። ከዚያ በኋላ በየሥዕሉ መድገም ግድ ሆነ።»

«ልጅቷስ?» አለ ጋሻዬ።

«አገባኋት። አሁንም ጨንቻ ቤቴ አለች። እሷ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፣ እኔ ከእነ ወንጌላዊ ጋር ለመዝሙር እሄዳለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ከአንድ ድስት ነው የምንበላው።» ፈገግ አሉ። «ስሟ ማርያም ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው ጋሻዬ ነው። ከዚያ ወንጌላዊ ባፈና። እኔ ለመሳቅ ትንሽ ቆየሁ፤ ከጓዳ የሄራንን ሳቅ ስሰማ ግን አልቻልሁም።

ቢሆንም ልማዴ አለቀቀኝም። ሽማግሌዎቹ መልስ ሲጠይቁ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ኑ» አልኳቸው። የሄራን ፊት ጠቆረ። አንዳች ክፉ ነገር ቢመጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመጣል ብዬ ነው።

ሲሄዱ ጨለምለም ብሎ ነበር። በሩ ጋ ደርሼ ቁልፉን ስይዝ ያ ኮቴ ከአጥሩ ውጭ ቆመ።

ዱላዬን አነሳሁ። «ማነው?»

ኮቴው አልተንቀሳቀሰም።

«ዱላ ይዣለሁ!»

«እኔ ነኝ ማዘር። ዳግም ነኝ።»

«እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«ቁልፉ እስኪዞር ነው» አለ በሀፍረት። «በየምሽቱ ሳልሰማ ከሄድኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሳይቆለፍ ቢያድርስ እላለሁ። ሌባ ቢገባስ? ጅብ ቢገባስ?»

«ጅብ?»

«ሊገባ ይችላል እኮ።»

በሩን ተደግፌ ቆምሁ። ከእኔ ሌላ ጅቡን የሚያስብ ሰው በዚህች ከተማ ያለ አይመስለኝም ነበር።

«ስንት ጊዜ ሲዞር ነው የምትሄደው?»

«ሦስት ጊዜ። ከዚያ ይከፍቱትና እንደገና ሦስት ጊዜ።»

ቆጥሮታል። ሄራን ከኋላዬ መጥታ ነጠላዬን ይዛ ቆማለች፤ ስትተነፍስ ይሰማኛል።

«ስማ» አልኩ በበሩ በኩል። «ሁለት ሳምንቱ ይቅር። ሽማግሌዎቹ ረቡዕ ይምጡ፤ መልሴን ሄራን ትነግርሃለች፣ ታውቀዋለች። አሁን ባጃጅ ያዝና ሹፌሩን ቁልቁለቱ ላይ ቀስ በል በለው። ስትደርስ ደውል።»

ኮቴው ወደ በሩ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«እሺ እማዬ» አለ።

ቁልፉን አዞርሁት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ እንዲሰማው ጠበቅ አድርጌ። ከፍቼ አልደገምሁትም።