ሦስቱ አረንጓዴ እስፒሎች

«አንድ ሰው ሞቷል ተብዬ ነው የመጣሁት» አለች እንግዳዋ በሩ ላይ ቆማ።

ስልከኛዋ ቀና ሳትል ቅጹን ሳበች። ኮሌራው ከገባ ወዲህ ወደ ጤና ቢሮው የሚመጣ ሰው ሁሉ ወሬውን የሚጀምረው እንዲሁ ነበር። «ዕድሜ?»

«ስድሳን ያለፈ ይመስላል።»

«ተቅማጥና ትውከት ነበረው?»

«የለም። ራሱ ተፈንክቶ ነው።»

የስልከኛዋ እስክሪብቶ ቆመ። «ከየትኛው ጤና ጣቢያ ነው የመጡት?»

«የፖሊስ መርማሪ ነኝ። ሟቹ ያለው እዚሁ ነው፤ ላይኛው ፎቅ።»

ላይኛው ፎቅ የካርታው ክፍል ነው። ግድግዳውን በሞላው የአገሩ ካርታ ላይ የየጣቢያውን ወሬ በእስፒል የሚሰኩት ሽማግሌ፣ ቢሮው ሁሉ «አባ እስፒል» የሚላቸው፣ ከጠረጴዛው የብረት ማዕዘን ሥር ተዘርግተው ነበር። ስልከኛዋ መርማሪዋን ተከትላ ወጣች። አምስት ዓመት ሙሉ እሷ ከታች በስልክ የሰማችውን እሳቸው ከላይ ሲሰኩ ነው የኖሩት።

ጠዋት አስከሬኑን አግኝቶ ለፖሊስ የደወለው ጥበቃ እንደተናገረው፣ ትናንት ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ከሟቹ ጋር ሕንፃው ውስጥ የቀሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ስልከኛዋ፣ ሾፌሩና የቢሮው ኃላፊ። ኃላፊው ነገሩን ባጭሩ ሊቋጩት ፈለጉ። ሽማግሌው መሰላል ላይ ሆነው ሲሰኩ ወድቀዋል፣ በቃ። ለሙከራ ወደ ሦስት መንደሮች ሲለቀቅ የሰነበተው አዲሱ የውኃ መስመር ቀትር ላይ ለመላው ከተማ ስለሚከፈት፣ እሳቸው እዚያ መድረስ አለባቸው።

መርማሪዋ የመሰላሉን ደረጃዎች አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች። ጣቷ አቧራ ለብሶ ተመለሰ።

«ማንም አልወጣበትም» አለች።

«አለቃሽ ጋ ልደውል?» አሉ ኃላፊው።

«ይደውሉ። ቁጥሩ ከጠፋዎት እሰጥዎታለሁ።»

ሾፌሩ ላብ አጥምቆታል። ድልድዩ በጎርፍ ስለተወሰደ በጋራው ዞሮ ከሦስቱ መንደሮች የተመለሰው ትናንት እንደነበር፣ አንዲት ነርስ የጻፈችውን ወረቀትም ለሽማግሌው እንደሰጣቸው ተናገረ። ወረቀቱ አሥራ አንድ ሰው በኮሌራ መያዙን ይናገራል። «ሲያነቡት ‹ነገ ይህን ውኃ የሚከፍት እኔን ረግጦ ይሂድ› አሉኝ።»

ወረቀቱ የትም አልተገኘም። ኃላፊው ከት ብለው ሳቁ። እንደ እሳቸው አባባል ሾፌሩ ያልነበረ ወረቀት ፈጥሯል፤ ማስረጃው ካርታው ነው፤ ሦስቱም መንደሮች አረንጓዴ ናቸው። እውነትም ከካርታው ግርጌ፣ የሰው ወገብ በሚደርስበት ቦታ፣ ሦስት አረንጓዴ እስፒሎች ተሰክተው ነበር።

መርማሪዋ ስልከኛዋን ወደ መስኮቱ ወሰደቻት። «የኔ እህት፣ ቀለሞቹን አስረጂኝ።»

«ቀይ የታመመ አለ ማለት ነው። አረንጓዴ፣ ደውለው ‹ዛሬ ማንም የለም› ሲሉ ነው። ነጭ ደግሞ ሳይደውሉ ሲቀሩ።»

«ካልደወሉማ የታመመ ባይኖር ነው።»

«አባ እስፒል እንዲህ የሚለውን ሰው ከክፍሉ ነበር የሚያስወጡት» አለች ስልከኛዋ። «የሚደውለው ሰው ራሱ ታሞ ሊሆን ይችላል።»

አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ካርታው ፊት ተሰበሰቡ። መርማሪዋ የስልኩን መዝገብ ይዛለች።

«ከእነዚህ መንደሮች ስልክ ከጠፋ አራት ቀኑ ነው። ስለዚህ የነርሷ ወረቀት ከመጣ ቀይ፣ ካልመጣ ነጭ እንጂ አረንጓዴ የሚሰካበት ምክንያት የለም። ሟቹ ይህን አይስቱም። ልጅቷም አትስትም፤ መዝገቡን የጻፈችው እሷ ናት። ሾፌሩ በየሳምንቱ የሚነዳው ነጭ ወደተሰካበት ነው፤ ነጭ ለሱ መንገዱ ነው። የቀረው ካርታውን የማያነብ፣ ከካርታው የሚወጣውን ማጠቃለያ ብቻ የሚያይ ሰው ነው። እዚያ ደግሞ ነጩም አረንጓዴውም ‹የታመመ የለም› በሚለው ሥር ተደምሮ ይገባል። እንዲህ ይደመር ያለው ማነው?»

ስልከኛዋ በስብሰባ ተናግራ አታውቅም።

«እሳቸው ናቸው» አለች ወደ ኃላፊው እያየች። «አባ እስፒል በጽሑፍ ተቃውመዋል። ግልባጩ እኔ ጋ አለ።»

ኃላፊው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ውኃው ንጹሕ ነው ብለው ፈርመው ነበር። ሽማግሌው ወረቀቱን አንብበው የሰኳቸውን ቀዮች ንቀሉ ቢሏቸው እምቢ አሉ፤ «ገፋ ብቻ ነው ያደረግኋቸው» አሉ ኃላፊው። የነርሷ ወረቀት ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ተገኘ። ያን ጊዜም ቢሆን አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ መስመሩን ለማገድ የእሳቸው ፊርማ እንደሚያስፈልግ ተናገሩ።

ስልከኛዋ ሦስቱን አረንጓዴ ነቅላ ቀይ ሰካች። ከዚያ ወደ ታች ወርዳ የአዲሱ መስመር ፓምፕ ቤት ደወለች፤ የነርሷን ወሬ ነግራ ፓምፑ እንዲጠፋ ጠየቀች። ፓምፑን የያዘው ሰው በማን ትእዛዝ እንደሆነ ጠየቃት።

«በካርታው» አለችው።

ሰውየው ፓምፑን አጠፋ። በዚያ ቀን ውኃው ለከተማው አልተከፈተም።