ሃያ ሰባት ጀሪካን

የማታምኑ ከሆነ እዚሁ ላይ ተዉት። በዚህ ዕድሜዬ ውሸት ፈጥሬ ምን ልጠቀም? ፊደል አልቆጠርኩም። ውሃ ግን ቆጥሬአለሁ። በእጄ እየገለበጥኩ፣ በጠጠር እያስቀመጥኩ ቆጥሬአለሁ።

ነገሩ የሆነው ጋምቤላ ነው። ክልል በሆነች በሁለተኛ ሦስተኛ ዓመቷ፣ በሰማንያ ሰባት ጥቅምት።

ሰዓቱም ሌሊት አይደለም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት... ውሻ እንኳ ከጥላ የማይነሳበት ሰዓት።

ባሌ ከፈለ የአንድ እርሻ ድርጅት በያጅ ነበር። በወጣትነቱ ምጽዋ ወታደር ሳለ፣ አንድ ሀብታም ቤት ውስጥ የባሕር ዓሣ በመስታወት ሣጥን አየ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ከነድንጋያቸው። ሠላሳ ዓመት ይኸንኑ አወራልኝ። ከዚያ ያመጣትን፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሆነች ነጭ የባሕር ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጣት ነበር።

ድርጅቱ ሲዘጋ ቤት ዋለ።

"አሁን እሠራዋለሁ" አለኝ።

"በምን ገንዘብ?"

"በእጄ።"

ሦስቱን ጎንና ታቹን ከአሮጌ ተሳቢ በተፈታ ላሜራ በየደ። ጠርዙን በአንጎላሬ ብረት አሰረ። ፊት ለፊቱን ብቻ ከፈረሰ ሱቅ የወጣ ወፍራም መስታወት አገኘለት። ሜትር ግን አልነበረውም። ቤታችን ወለል ላይ ዘፍ ብሎ ተጋደመና፣ "ከራሴ እስከ እግሬ አስምሪልኝ" አለ።

በከሰል አሰመርኩለት። ሣጥኑም በቁመቱ ልክ ተሠርቶ እዚያው መስመሩ ላይ ቆመ።

"የሬሳ ሣጥን ነው እንዴ የምትሠራው?" አልኩት።

ሳቀ። ምነው ያኔ ምላሴ በተቆረጠ።

"ሃያ ሰባት ጀሪካን ይይዛል" አለ አስልቶ።

ነሐሴ ላይ በጀልባ ወደ ኢታንግ ወረደ። ባሮ ሞልቶ ነበር። ጀልባዋ ተገኘች... እሱ አልተገኘም።

ለቀስተኛው ድንኳን ይዞ መጣ። አባረርኩት። "ሬሳውን አምጡልኝና አለቅሳለሁ!" የንስሐ አባቴ አባ ጥዑመልሳን ፍትሐት ይደረግለት ቢሉኝም እምቢ አልኩ። ሰፈሩ፣ "ሙሉብርሃን አበደች" አለ። ይበል።

ከዚያ ወዲያ ደጄን የሚረግጥ ጠፋ። ሁለት ወር ሙሉ ብቻዬን በላሁ። ሠላሳ ዓመት አንድ ሰው ስሰድብ ኖሬ የምሰድበው አጣሁ። የሚያስቅ እንዳይመስላችሁ። ቤት ዝም ሲል ጆሮ ያማል።

ስለዚህ ሣጥኑን ልጨርሰው አልኩ። ሕይወት ያለው ነገር ይግባ ቤቴ።

የመስታወቱን ዙሪያ በስቱኮና በሬንጅ ደፈንኩ። ሲደርቅ፣ ያፈስ እንደሆነ ልፈትነው ብዬ የጉድጓድ ውሃ ሞላሁበት። አንድ ጀሪካን፣ አንድ ጠጠር።

ልክ ሃያ ሰባት ላይ ጢም አለ። አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ከፈለ ስሌት አይስትም።

የከፈለ ወዳጅ፣ ዓሣ አጥማጁ ሬአት፣ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

"ማዘር፣ ይሄ ውሃ ጥሩ አይደለም። የባሮ ዓሣ የባሮ ውሃ ነው የሚፈልገው።"

ውሃውን በጎማ ስበን አወጣን። ውስጡን በጨርቅ ወለወልኩት። ሬአት በእጅ ጋሪ ከባሮ አመላለሰ፣ እኔ ገለበጥኩ። ያው ጀሪካን፣ ያው ጠጠር።

በሃያ ሦስተኛው... ሞልቶ እግሬ ላይ ፈሰሰ።

ጠጠሩን ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። የተቀዱት አራት ጀሪካኖች በር ላይ እንደተደረደሩ ቀሩ።

"ተሳስተሽ ይሆናል" አለ ሬአት።

"እኔ?"

ባዶዎቹን ጀሪካኖች መሰብሰብ ጀመረ።

ያን ዕለት ሃያ ትናንሽ የቆሮሶ ዓሣ ለቀቀልኝ። የከፈለን ነጭ ድንጋይ መሀል ላይ አስቀመጥኳት።

በማግስቱ ድንጋይዋ መሀል አልነበረችም። ወደ ግራ፣ ዳር ላይ... ስናሰምር የከፈለ ራስ በነበረበት በኩል።

ዓሣ ነው የገፋት አልኩ። ጣት የምታህል ዓሣ ጡብ የሚያህል ድንጋይ ገፋች! ሰው ሲፈልግ ምን የማያምነው አለ?

በሦስተኛው ቀን፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሬአት መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ መስታወቱ ፊት ቁጢጥ አለ። ብዙ ቆየ።

"ማዘር..." ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ዓሣዎቹ መሀል አይገቡም።"

"ፈርተው ነዋ።"

"ሲፈሩ ይበተናሉ። እነዚህ ይዞራሉ።"

"እና?"

"ግንድ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ነው እንዲህ የሚዞሩት።"

አየሁ። እውነቱን ነው። በላይ ያልፋሉ፣ በጎን ያልፋሉ። መሀሉ ጥርት ያለ ባዶ ውሃ ነው... ረዘም ያለ፣ አራት ጀሪካን የሚያህል። አንደኛው ጫፉ ድንጋይዋ ላይ ያርፋል። ልክ ትራስ ላይ እንደሚያርፍ።

ሬአት ተነሳ። ጫማውን እዚያው ጥሎት ሄደ። ተመልሶም አልወሰደው።

እኔ ግን በርጩማዬን ሳብኩና መስታወቱ ፊት ተቀመጥኩ።

"ከፈለ" አልኩ። "አንተ ሰነፍ። እስካሁን የት ቆየህ?"

ዓሣዎቹ ቆሙ።

ሃያዎቹም... ባሉበት ቀጥ አሉ።

ፈራሽ ወይ በሉኝ። አልፈራሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ያን ቀን እራቴን እዚያው በላሁ። እየሰደብኩት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ጥዑመልሳን መጡ። ሬአት ነግሯቸዋል። ከደጃፍ ሆነው ሣጥኑን አዩ፣ መስቀላቸውን ጨበጥ አደረጉ። ወደ ውስጥ አልገቡም።

"ሙሉብርሃን... ልቀቂው ልጄ።"

"ማንን?"

"ታውቂያለሽ። ዛሬ ፍትሐቱን እናድርስለት። ይረፍ።"

"እሱ ሲያርፍ እኔስ?"

"አንቺማ ታለቅሺያለሽ። ያን ጊዜ ሰው ይመጣልሻል።"

"ሁለት ወር የት ነበረ ሰው?"

"አባረርሽዋ።"

በሩን ዘጋሁባቸው።

"ቤቱ ለተመለሰ ሰው ፍትሐት የለም!" አልኩ ከውስጥ።

ከዚያ ከበሩ ጀርባ፣ ቀስ ብለው...

"ልጄ፣ ከፈለ እኮ ብቻውን መሆን የሚችል ሰው አልነበረም።"

እግራቸው ሲርቅ ሰማሁ።

ዞር አልኩ።

ነጭዋ ድንጋይ ለሁለት ተከፍላለች። አንዱ ግማሽ እዚያው፣ በራስጌው። ሌላው ከጎኑ፣ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብሎ።

ዓሣዎቹ ጥግ ላይ ተጣብቀዋል። መሀሉ ላይ የተከፈተው ቦታ አሁን አንድ አይደለም። አንደኛው ያው ረጅሙ ነው። ሁለተኛው አጠር፣ ቀጠን ያለ።

ልለካው ብዬ ከሰል አነሳሁ። መልሼ ጣልኩት። ምን ያስለካኛል? ቁመቴን አውቀዋለሁ።

ከዚያ ወለሉን አየሁ።

ደረቅ ነው። ውሃው አልጨመረም፣ አልፈሰሰም... አንዲት ጠብታ እንኳ።

ሁለተኛው ቦታ ገና ባዶ ነው።