ሽቦ የላከው አማላጅ

«ይሄ አድራሻ የማነው?» ድንቢጥ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ተከለች።

ጓደኛዋ ሽቦ ብስኩቱን ማኘኩን ቀጠለ።

ሁለቱ ወር ሙሉ የለፉበት ገጽ ከምሳ በኋላ ለዳይሬክተሯና ለወላጆች ይታያል። ተማሪው ፓስወርዱን ሲያስገባ፣ ገጹ ውጤቱን ከትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ አምጥቶ በግራፍ ያሳየዋል። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ግን አያሳይም ነበር። ብሮውዘሩ፣ አንዱ ድረ ገጽ የሌላውን መረጃ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አያነብም ብሎ በቀይ ጽሑፍ ሲያባርራቸው ሰነበተ። አንድ ቀን ጠዋት ሽቦ እየዘለለ መጣ።

«ብሮውዘሩ እምቢ ሲለኝ አማላጅ ላክሁበት! መሃል ሆኖ መረጃውን የሚያቀብለን ፕሮክሲ ሠራሁ። እዚሁ ኮምፒውተር ክፍል ነው ያለው።»

አመነችው። ሠላሳ ሁለቱን የክፍል ልጆች ሞክሩልን ብላ የለመነችውም እሷ ናት። አሁን ኮዱ ውስጥ ያየችው የፕሮክሲ አድራሻ ግን የማታውቀው ድረ ገጽ ነው።

«አንተን እኮ ነው የምጠይቅህ!»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።» ዞር ዞር ብሎ አየ። «ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ነው። ነፃ ነው፤ ስንቱ ይጠቀምበታል።»

«ሠራሁት አላልክም?»

«ያው... እሱን የምትጠራዋን የኮድ መስመር የጻፍኳት እኔ ነኝ።»

ፊቷ እሳት ሆነ። «የሠላሳ ሁለት ልጅ ፓስወርድ በማናውቀው ሰው እጅ ነው ያለፈው! ገብቶሃል?»

«ማን የኛን የሒሳብ ውጤት ይሰርቃል? ያንቺንማ ቢያየው ያለቅሳል እንጂ!» ሳቀ።

«የቤት አድራሻስ? የትምህርት ቤቱ ነርስ ስለ ጤናችን የምትጽፈውስ? ሁሉም በዚያው ፓስወርድ የሚከፈት አይደል እንዴ?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «በናትሽ ከዝግጅቱ በኋላ እናጥፋው። አባዬ ከሥራ አስፈቅዶ ነው የሚመጣው።»

«የኔም እናት ትመጣለች» አለችና የፕሮክሲውን መስመር ሰረዘችው። ግራፉ ጠፋ። ቀዩ ጽሑፍ ተመልሶ ብቅ አለ።

«አበድሽ እንዴ? ጉድ ሠራሽኝ!»

በሩን ወርውራበት ወጣች።

ክፍል ውስጥ ልጆቹ ምሳቸውን እየበሉ ይንጫጫሉ። ድንቢጥ ጠመኔ አንስታ፣ በእግሯ ጣቶች ቆማ፣ ሰሌዳው ላይ በትልልቁ ጻፈች፦ ፓስወርዳችሁን አሁኑኑ ቀይሩ።

«ደግሞ ምን አመጣችሁ?» አለች የፊት ወንበሯ ልጅ።

«ማን አባቱ ነው ያበላሸው?» አለ አንዱ ከኋላ።

የሽቦ ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ተከትሏት መጥቶ አንገቱን ደፍቶ በሩ ላይ ቆሟል፤ ንዴቷ ገና አልበረደም። ልትጠራው አፏን ከፈተች።

«መጀመሪያ ፓስወርዱን ቀይሩ፤ ከዚያ ሁሉንም እነግራችኋለሁ» አለች። «ሞክሩልን ብዬ የለመንኳችሁ እኔ ነኝ። ጥፋቱን ስናገር ከራሴ ልጀምር።»