ከበሩ ኋላ የቆሙት ጣውላዎች

በሰፈሩ ውስጥ ረጅሙ አልጋ የሚገኘው በአጭሩ አናጺ ቤት ነበር። አናጺው ቁመቱ ከመሥሪያ ጠረጴዛው እምብዛም አይርቅም፤ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ በልብስ ተኳሽነት የምትሠራው ሚስቱ ደግሞ ከእሱም ታንሳለች። ታዲያ ከእነዚህ ሁለት አጫጭር ሰዎች የበሩን ጉበን በግንባሩ የሚመታ ልጅ ሲወጣ ሰፈርተኛው ዝም ይላል እንዴ? «ወልደኸው ነው ወይስ ከጣውላ ቀጣጥለህ የሠራኸው?» እያለ በአባትየው ያሾፍ ነበር። ልጁንም «መሰላል» አለው። አናጺው በቀልዱ ኩራት ኩራት ይለዋል እንጂ ተቀይሞ አያውቅም።

አልጋውን የሠራው መሰላል ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ነው። ልጁ አደገና እግሩ ከአልጋው ወጣ፤ አባት ግርጌውን ነቅሎ በሌላ እንጨት ቀጠለው። ልጁ አሁንም አደገ፤ አሁንም ቀጠለው። የመጀመሪያው እንጨት ጠቆር ያለ፣ ሁለተኛው ቀላ ያለ፣ የመጨረሻው ነጣ ያለ ስለነበር እናት አንሶላ ባነጠፈች ቁጥር የልጇን ዕድሜ በመዳፏ የምትዳስስ ይመስላት ነበር። አናጺው አልጋውን ደግሞ ሊያስረዝመው ሁለት ጣውላዎች ቆርጦ፣ በመላጊያ አለስልሶ፣ የሚስማሩን ቀዳዳ በስቶ፣ ከእንጨት መሥሪያ ቤቱ በር ኋላ አቆማቸው። እነዚያ ጣውላዎች ግን ከቆሙበት ሳይነሱ ቀሩ...

የመሰላል ነፍስ ቅርጫት ኳስ ላይ ነበረች። አባት በግቢው ግድግዳ ላይ ሰሌዳና ቀለበት ሠርቶ ሰቀለለት፤ ገና ሳይነጋ እየቀሰቀሰ ያስሮጠዋል። ልጁም አላሳፈረውም። በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ከየአገሩ የተመረጡ ወጣቶች በሚገናኙበት የኮከቦች ጨዋታ ላይ እንዲሰለፍ ተጠራ። ያን ቀን አናጺው ሥራውን ዘግቶ ሰፈሩን እየዞረ ለሁሉ ነገረ፤ የነገረውንም ሰው መልሶ ነገረው።

እናት ግን አንድ ነገር አይታ ነበር። ቤታቸው ከመሥሪያ ቤቱ በላይ በመሆኑ በእንጨት ደረጃ ነው የሚወጣው። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጇ ደረጃው መሐል ቆሞ፣ በአንድ እጁ መደገፊያውን፣ በሌላው ግራ ደረቱን ጨምድዶ ይዞ፣ ቁና ቁና ሲተነፍስ ደረሰችበት። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

«እማ፣ በሞቴ ለአባዬ እንዳትነግሪው» አላት። «አሠልጣኞቹ ከሰሙ ያስቀሩኛል። ድካም ነው። ስመለስ እታከማለሁ።»

እሷ ሐኪም አይደለች! ከምን ታውቃለች? የልጇን ደስታ ከአፉ ላይ እንዴት ትንጠቀው? ለባሏ ሳትነግረው ቀረች። መሰላል ከጉዞው በፊት በነበረው የመጨረሻ ልምምድ ላይ ኳሷን እንደያዘ በግንባሩ ተደፋ... በዚያው ቀረ። «ልቡ ነው» አሉ ሐኪሞቹ። «አስቀድሞ ታውቆ ቢሆን ኖሮ...»

ወይ ያቺ «ቢሆን ኖሮ»! ስንት ቤት አፈረሰች! አናጺው «ያለ አቅሙ ያስሮጥኩት እኔ ነኝ፤ ልጄን የገደልኩት እኔው ነኝ» ብሎ አመነ። ቀለበቱን ከግድግዳው ነቅሎ ጣለው። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ሲሠራ መጋዙ ሁለት ጣቶቹን ወሰደበት፤ ደንበኞቹም አንድ በአንድ ተለዩት። ሚስቱ ባሏ ያልሠራውን በደል ተሸክሞ ሲጎብጥ በየቀኑ ታየዋለች። አንዲት ቃል ብትናገር ሸክሙን ታወርድለት ነበር። ግን እንዴት ብላ? እነሆ በአንድ ጣሪያ ሥር እንደማይተዋወቁ መንገደኞች ኖሩ።

ዓመታት እንዲህ ካለፉ በኋላ ያ የኮከቦች ጨዋታ ዞሮ ዞሮ እነሱ ከተማ መጣ። ለእንግዶቹ የተዘጋጀው ማደሪያ ጣሪያው በዝናብ ተበላሸና ወጣቶቹን በየሰው ቤት ማሳደር ግድ ሆነ። የመሰላል የቀድሞ አሠልጣኝ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ደረጃውን ወጣ።

«ይህን መጠየቅ ያሳፍራል» አላቸው። «ግን አንደኛው ልጅ ከሁሉም ይረዝማል። እሱን የሚችል አልጋ ያለው እናንተ ቤት ብቻ ነው።»

አናጺው ተነስቶ ደረጃውን ወረደ። አሠልጣኙ «አጠፋሁ» እያለ ሊወጣ ሲነሳ አናጺው መዶሻ ይዞ ተመልሶ መጣ። የአልጋውን እግር ነካ ነካ አድርጎ «ይህቺ ትነቃነቃለች» አለና አጠበቃት። እሺ ማለቱ ነበር።

እንግዳው ልጅ የመጣ ዕለት ሻንጣውን አንግቶ ፈገግ እንዳለ ሲገባ ግንባሩ ከጉበኑ ጋር ድው! አለ። ልክ መሰላል ይመታው የነበረው ቦታ ላይ! ተኳሿ መጀመሪያ ክው አለች፤ ቀጥሎ ሳታስበው ሳቀች። ልጇ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም። ታች አናጺው ይገዘግዝበት የነበረውን መጋዝ አቁሞ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ።

ቋንቋ አያግባባቸውም። ግን እሷ ድምፅ ከፍ ካለ የሚገባው ይመስል እየጮኸች ታወራዋለች፤ እሱም በገዛ ቋንቋው እየሳቀ ይመልስላታል። የሰፈር ልጆች ወዲያው «ፎቁ» አሉት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የመሰላልን ፎቶ አይቶ በዓይኑ ጠየቃት። ሁለት መዳፎቿን ጉንጯ ሥር አድርጋ የሚተኛ ሰው አሳየችው፤ ከዚያ ወደ ላይ ጠቆመች። ልጁ አንገቱን ደፋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልጋውን ራሱ ያነጥፍ ነበር፤ ያውም ከእሷ አስበልጦ።

ጨዋታው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው የሁሉም ተጫዋቾች ማልያ ለመተኮስ ለእሷ ተሰጣት። ፎቁ የታጠበውን ማልያ ከእጇ ነጥቆ፣ እሷን ከኋላ አስከትሎ ደረጃውን ይወጣ ጀመር። መሐል ላይ ቆመ። ጥቅሉ ከእጁ አምልጦ ማልያዎቹ በየደረጃው ተበተኑ። መደገፊያውን ያዘ። በሌላ እጁ ግራ ደረቱን ጨመደደ...

አቤት አምላኬ! ያው ደረጃ! ያው እጅ! ያው አመድ የመሰለ ከንፈር!

ልጁ ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ጣቱን በከንፈሩ ላይ አደረገ። ከዚያ ሁለት እጆቹን አጋጥሞ ለመናት። ይህን ልመና ለመረዳት ምን አስተርጓሚ ያስፈልጋል? ለትልልቅ ቡድኖች ተጫዋች የሚመርጡ፣ ከየአገሩ የመጡ መልማዮች ነገ እሱን ሊያዩ ይቀመጣሉ፤ ዕድሜውን ሙሉ የለፋው ለዚያች ቀን ነው። ተኳሿ ምን እንደምታደርግ ሳታውቀው... ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ልጁ ገብቶ ጋደም አለ። እሷም ማልያዎቹን ለቃቅማ መተኮስ ጀመረች። የእሱ ተራ ሲደርስ ማልያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ለልጇ የመጨረሻ ልብሱን የተኮሰችውም በዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ በዚሁ ካውያ ነበር። ካውያውን ነቅላ፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ ደረጃውን ወረደች።

«አባቱ» አለችው። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ብላ ጠርታው አታውቅም።

አናጺው መላጊያውን አስቀመጠ።

«ልጃችንን አንተ አልገደልከውም። እኔ አውቅ ነበር። ደረጃው ላይ ደረቱን ይዞ አይቼዋለሁ። ‹ለአባዬ እንዳትነግሪው› አለኝ፤ አልነገርኩህም። አሁን ደግሞ ይሄ ልጅ እዚያው ቦታ...» ወደ ደረጃው ጠቆመች።

«ይህን ሁሉ ዓመት?» አለ ባሏ።

«ይህን ሁሉ ዓመት።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ቢጮህስ ማን ይፈርድበታል? በዚያች ቅጽበት ግን ከላይ የልጁ እግር ረገጠና ጣሪያው ተንቋቋ። ድሮ መሰላል ከአልጋው ሲነሳ እንደሚንቋቋው። ሁለቱም ቀና ብለው አዩ። አናጺው የጎደሉ ጣቶቹን ቦታ አሻሸ።

«የእኛ ነገር ይደርሳል» አለ በመጨረሻ። «መጀመሪያ እሱን። ነይ፣ እንሂድ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ቶሎ ቶሎ ሆነ። የቡድኑ ሐኪም የልጁን ደረት አዳመጠና ፊቱ ጠቆረ፤ ከሰልፉ አስወጣው። ሆስፒታል ሊወስዱት መኪናው ሲቀርብ ልጁ እንባው እየወረደ ወደ ተኳሿ ዞሮ አንድ ነገር ጮኸባት። ከቡድኑ ጋር የመጣው አስተርጓሚ አቀረቀረ።

«እትዬ፣ ያለውን ልንገርዎት ወይስ ልተወው?»

«ንገረኝ።»

«‹ልጄ ብለሽ አስተኝተሽ አረድሽኝ። ሕይወቴን ወሰድሽብኝ› ነው የሚለው።»

«እየረገመኝ ይኑር በለው» አለች። «አርጅቶ፣ ሸብቶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ ይርገመኝ። ብቻ ይኑር።»

በማግስቱ ጨዋታው ተካሄደ። የሕዝቡ ሆታ በመስኮት እየገባ ቤቱን ሞላው። እሷ አልሄደችም። ያልተለበሰውን ማልያ አጥፋ አልጋው ላይ አስቀምጣ፣ አጠገቡ ተቀምጣ ዋለች።

በኋላም የሆስፒታሉ ሐኪም ቃል መጣ። የልጁ ሕመም የመሰላል ሕመም ነበር። ያን ጨዋታ ቢጫወት ከሜዳ በእግሩ አይወጣም ነበር። በደረቱ ቆዳ ሥር ልቡን የምትጠብቅ ትንሽ መሣሪያ ቀበሩለት። ይኖራል፤ መሮጥና መወዳደር ግን ለዘላለም ቀረበት። ዕጣ ፈንታ ስትሰጥ እንኳ በግማሽ ነው የምትሰጠው! ተኳሿ ግን ያቺን ግማሽ በሁለት እጇ ተቀበለች። «ተመስገን» አለች፤ ልጇ ከሞተ ወዲህ ከአፏ ወጥታ የማታውቅ ቃል።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት ረጅም ሴት ከአስተርጓሚው ጋር ደረጃውን ወጣች። ከሩቅ አገር የመጣች የፎቁ እናት ነበረች፤ የመሰላልን ታሪክ አስተርጓሚው በመንገድ ነግሯታል። ሰላምታ ሳታቀርብ፣ ወንበር ሲሰጧት ሳትቀመጥ፣ ወደ አልጋው ሄደች። የጠቆረውን፣ የቀላውን፣ የነጣውን እንጨት በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ የመሰላልን ፎቶ አየች፤ ተንበርክካ ጉንጯን ትራሱ ላይ አድርጋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ልጇ በሕይወት አለ፤ እሷ የምታለቅሰው አንድ ቀን እንኳ አይታው ለማታውቀው ልጅ ነበር!

«‹የእኔን ልጅ ያዳነው የአንቺ ልጅ ነው› ትላለች» አለ አስተርጓሚው።

ሁለቱ እናቶች ተቃቅፈው አለቀሱ። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም፤ ማን ምን ጎደለበት? አናጺው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እንግዳዋ ከሄደች በኋላ ሚስቱ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ።

«ያኔ ብትነግሪኝም ኖሮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔን ታውቂኛለሽ። ‹ድካም ነው፤ ሩጥ› እለው ነበር።» ከዚያም ጣቶቹ የጎደሉበትን እጁን በእጇ ላይ አደረገ። ይህን የመሰለ ይቅርታ ከመጽሐፍ አይገኝም።

ልጁስ? ለመሰናበት እንኳ አልመጣም። ማልያውንም አልወሰደም። ቁጣው ሲበርድ የላከው ሰላምታ በእናቱ በኩል መድረስ የጀመረው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ተኳሿ አልተቀየመችም። «መኖሩን ሰማሁ፤ ምን ፈልጌ?» ትል ነበር።

ከዓመታት በኋላ የኮከቦች ጨዋታ እንደገና ወደ ከተማዋ ሲመጣ፣ ለእንግዶቹ አዲስ ማደሪያ ተሠርቶላቸው ነበር። እሷ ካውያዋን ይዛ እንደቆመች ደረጃው መንቋቋት ጀመረ። ዝግ ያለ እርምጃ ነው፤ መሐል ላይ ትንሽ አረፍ ብሎ ቀጠለ። በሩ ተከፈተ። ትከሻው ሰፋ ያለ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ የተንጠለጠለ ጎልማሳ ጉበኑን ጎንበስ ብሎ አልፎ ገባ። ፎቁ! የአገሩ ወጣቶች ረዳት አሠልጣኝ ሆኖ መጥቷል፤ ተጫዋቾቹን በሙሉ ልባቸውን ሳያስመረምር አያሰልፍም አሉ።

ቀጥ ብሎ ሄዶ አልጋው ላይ በጀርባው ተጋደመ። እግሩ ከነጫማው ከግርጌው አልፎ ተንጠለጠለ። ጣሪያውን እያየ፣ ምናልባት መንገዱን ሁሉ ሲለማመደው የመጣውን ዓረፍተ ነገር በተሰባበረ አንደበት ተናገራት።

«እማ... አልጋ አጠረ።»

ዕጣ ፈንታ አንዱን ልጅ ወስዳ ሌላውን ለምን እንደተወች የሚያውቅ ካለ ይንገረን፤ ተኳሿ ግን በዚያች ሰዓት መጠየቁን ትታ፣ እየሳቀችና እያለቀሰች የልጁን ግንባር ሳመች። አናጺው ደረጃውን ሲወርድ ሰሙት። ከመሥሪያ ቤቱ በር ኋላ የቆሙትን ሁለት ጣውላዎች አቧራቸውን በክንዱ ጠርጎ፣ በብብቱ ይዟቸው ወጣ። ቀዳዳዎቹ ያኔ እንደተበሱ ነበሩ።

«ተነስ እንጂ፣ ያዝልኝ!» አለው ፎቁን፣ መዶሻውን እያነሳ።